ለቪትዜ የገዛኋቸው ሁለት ባትሪዎች፦ አንዱ አምስት ወር፣ አንዱ ዓመት ካንድ ወር (እስካሁን)

ባትሪ ገዝቶ በሳምንቱ "ምርጥ እቃ ነው ግዙት" ብሎ የሚጽፍ ሰው በጣም ነው የሚገርመኝ። አዲስ ባትሪማ የትኛውም ያስነሳል! በገዛችሁት ማግስት የማያስነሳ ከሆነ እሱ ባትሪ ሳይሆን ድንጋይ ነው። ባትሪ የሚታወቀው ህዳር ታህሳስ ላይ፣ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ መስታወቱ ላይ ጤዛው እንዳለ፣ ልጅ ዩኒፎርሟን ለብሳ ቦርሳዋን አቅፋ ከኋላ ተቀምጣ፣ ቁልፉን ስታዞሩት ነው። ለዛ ነው እኔም ይቺን ጽሁፍ ዓመት ካንድ ወር አዘግይቼ አሁን ታህሳስ 2018 ላይ የምጽፋት፣ ሁለተኛውን ብርድ ሲያልፍ ልየው ብዬ።

መኪናዬ ቪትዝ ናት፣ የድሮዋ፣ አውቶማቲክ። አውቶማቲክ መሆኗን በደንብ ያዙልኝ። ማንዋል ቢሆን ሰፈር ያሉ ልጆች ገፍተው ያስነሱላችኋል ምናምን፣ አውቶማቲክ ግን ባትሪው ከሞተ ሞተ ነው፣ ግፊ የሚባል ነገር አይገባውም። ወይ ኬብል ያለው ሰው ትለምናላችሁ ወይ ታክሲ ትጠራላችሁ።

የመጀመሪያው ባትሪ የሞተው ሰኔ 2016 ላይ ነው። ከመኪናው ጋር የመጣ ስለነበር ዕድሜውን አላውቅም፣ አልከፋብኝም። ተክለሃይማኖት አካባቢ ካሉት የመለዋወጫ ሱቆች አንዱ ገባሁ። ስለ ባትሪ የማውቀው ነገር ዜሮ ነበር፣ ጥቁር ሳጥን፣ ሁለት ጫፍ፣ ከባድ፣ በቃ። ልጁ "ለምን መኪና ነው እህቴ?" አለኝ፣ ቪትዝ አልኩት፣ ሁለት አወጣልኝ። አንዱ የኮሪያ ሌላኛው ስሙን ሰምቼው የማላውቅ፣ ስቲከሩ ግን የሚያብረቀርቅ፣ መብረቅ የተሳለበት። ሁለቱም ላይ 45 አምፒር ሰዓት ይላል (የሚይዘው መጠን ነው፣ ሰዉ በአጭሩ 45 አምፒር ይለዋል)፣ ሁለቱም 12 ቮልት፣ የዋጋ ልዩነታቸው ግን አንድ ሙሉ ታንክ ቤንዚን ያህል ነበር። "ልዩነታቸው ምንድነው?" ስለው "ስም ነው፣ ስም ነው የምትከፍይው" አለኝ። ይሄ ንግግር እኔን የሚያሸንፍ ንግግር ነው፣ ለስም መክፈል አልወድም፣ እሱም ፊቴን አይቶ ሳያውቀው አልቀረም። መብረቁን ወሰድኩ። "ጋራንቲ አለው?" ስለው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "ጋራንቲው እኔ ነኝ" አለኝ። "ባለ ደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?" ሲለኝ ደግሞ 15 ፐርሰንቷን ላድን ብዬ ያለ ደረሰኝ አልኩ። ስትጽፉብኝ እንዳትሳደቡ፣ አውቃለው።

(የብር ቁጥር የማልጽፈው ሆን ብዬ ነው። ዛሬ ብጽፈው የሚቀጥለው ሳምንት ያረጃል። ያኔ ሰኔ ላይ ዶላር በባንክ 57 ብር ምናምን ነበር፣ ሐምሌ 22 ላይ ለገበያ ተለቀቀ፣ ከዛ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ከውጭ የሚመጣ እቃ ሁሉ ዘለለ፣ ባትሪም አብሮ።)

ክረምቱን በሰላም አለፈ። ጥቅምት ላይ ሲነሳ ድምፁ መጎተት ጀመረ፣ ልክ ከእንቅልፉ መነሳት እንደማይፈልግ ሰው፣ እንንንን... እንንን... ቡፍ። ህዳር ውስጥ አንድ ሰኞ ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ጠቅ ጠቅ ጠቅ ብሎ ቀረ። ልጄ "እማ ዛሬም?" አለችኝ። "ዛሬም" የምትለው ቃል በጣም ነው ያመመችኝ፣ ምክንያቱም ከዛ በፊት በነበሩት ሁለት ሰኞዎችም ጎረቤታችን በኬብል አስነስቶልን ነበር። ልብ በሉ፣ ሁሌ ሰኞ ነው። እኔ ግን ያኔ ልብ አላልኩም።

ሱቁ ጋ ተመልሼ ሄድኩ። ጋራንቲው የነበረው ልጅ የለም፣ ሌላ ሰው ነው ያለው። ደረሰኝ አለሽ? የለኝም። እንግዲያው እኛ ጋ ስለመገዛቱ ምን ማስረጃ አለሽ? ከዛ ደግሞ ጨርሶ ሳያየው "ዲናሞሽ ነው ያቃጠለው" አለኝ፣ ዲናሞ ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው ነው። ይሄ የባትሪ ሻጮች የጋራ ጸሎት መሰለኝ፣ ባትሪ ሻጭ ጋ ስትሄዱ ጥፋቱ የዲናሞ ነው፣ ዲናሞ ጠጋኝ ጋ ስትሄዱ ጥፋቱ የባትሪ ነው። በነገራችን ላይ "ባልሽን ላኪው እናስረዳዋለን" ያለኝም አለ። አለፍኩት።

ወንድሜ ራይድ ነው የሚሠራው፣ "እኔ የማምነው አንድ ሽማግሌ አሉ" ብሎ ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ ጠባብ ቦታ ያላቸው የመኪና ኤሌክትሪሻን ጋ ወሰደኝ። ጋሼ ነው የምላቸው እኔም። እኚህ ሰውዬ ከሌሎቹ የሚለዩት ምንም ከመናገራቸው በፊት መለካታቸው ነው። እስከዛሬ ያየኋቸው ሰዎች ባትሪ የሚፈትሹት በመፍቻ ሁለቱን ጫፍ ነካ አድርገው ብልጭታውን አይተው ነበር፣ "ኡው ጥሩ ነው!" ይላሉ። ጋሼ ይሄን ስነግራቸው ተቆጡ፣ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጂን ይወጣዋል፣ ብልጭታ ካገኘ ፊትሽ ላይ ይፈነዳል፣ አሲዱ ዓይን ያጠፋል አሉኝ። ከዛ ቴስተራቸውን፣ ቮልትና አምፒር መለኪያዋን፣ አወጡ።

ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ከሳቸው የተማርኩት ነው፣ ቁጥሮቹን እዛው ስልኬ ላይ መዝግቤያለው።

አንደኛ፣ መኪናዋ አድራ ሳትነሳ ባትሪው ሲለካ፣ ሙሉ የሆነ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12.2 ከሆነ ግማሽ ነው። 12 ከሆነ ሩብ ገደማ ነው የቀረው፣ 11.8 ከሆነ ባዶ ነው። እኛ "12 ቮልት ባትሪ 12 ካለ ሙሉ ነው" ብለን ነው የምናስበው አይደል? የኔ 11.4 አለ። ሁለተኛ፣ በሳቸው ባትሪ አስነስተው ሞተሩ እየሠራ ለኩ፣ 14.1። መብራት፣ የፋን ንፋስ፣ የኋላ መስታወት ማሞቂያ ሁሉንም ከፍተው እንደገና ለኩ፣ 13.8። "ዲናሞሽ እንደ ጎረምሳ ነው" አሉኝ። ከ13.8 እስከ 14.4 ባለው ውስጥ ከዋለ ጤነኛ ነው፣ ከ13 ብዙም ፈቅ ካላለ አይሞላም፣ 15 ካለፈ ደግሞ ባትሪውን ያፈላዋል። ስለዚ ዲናሞ ነው ያለኝ ሰውዬ ውሸቱን ነው፣ ይሄን ለማወቅ ሁለት ደቂቃ እንኳን አልፈጀም።

ሶስተኛው ግን ራሴን ነው ያሳፈረኝ። ቁልፉን ነቅለው፣ በሩን ዘግተው፣ ትንሽ ጠብቀው፣ የኔጌቲቩን ሽቦ ፈተው ቴስተሩን መሃል አስገቡና መኪናዋ ተኝታ የምትበላውን ለኩ። 0.28 አምፒር። መሆን የነበረበት ከ0.05 በታች ነው። ከዛ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ይነቅላሉ ቁጥሩን ያያሉ፣ የቴፑን ሲነቅሉ ቁጥሩ ወደ 0.03 ወረደ። "ይቺ ስክሪን ማን ነው የገጠመልሽ?" አሉኝ። ለልጄ ብዬ ያስገጠምኳት አንድሮይድ ስክሪን! የገጠመው ልጅ ሽቦውን ከቁልፉ ጋር ሳይሆን ቀጥታ ከባትሪ አገናኝቶት ነበር፣ ስክሪኑ ጠቁሮ ይታያል እንጂ ውስጡ ሌሊቱን ሙሉ አይተኛም።

ሂሳቡን ሥሩት። 45 ለ0.28 ሲካፈል 160 ሰዓት ነው፣ ስድስት ቀን ተኩል ገደማ። ግን ባዶ እስኪሆን አይጠብቅም፣ ግማሹ ካለቀ በብርድ ማስነሳት ያቅተዋል፣ ማለትም ሶስት ቀን። እኔ ደሞ ዓርብ ማታ አቁሜያት ሰኞ ጠዋት ነው የማስነሳት! ለዛ ነው ሁሌ ሰኞ የሆነው። በዛ ላይ ለነዳጅ ሰልፍ ስንቆም ሞተር አጥፍቼ ሬዲዮ ከፍቼ ነው የምቀመጠው፣ አስር ሜትር ለመጠጋት አስነሳለው፣ አጠፋለው፣ እንደገና። አንድ ማስነሳት የበላውን ለመመለስ ዲናሞው ደህና መንገድ መነዳት ይፈልጋል፣ አስር ሜትር ምንም አይመልስም። ባትሪው ሁሌ በግማሽ ሆድ ነበር የሚያድረው ማለት ነው።

ስለዚ ለፍትህ ስል፣ መብረቁ ባትሪ ብቻውን አይደለም ጥፋተኛው፣ እኔም ገድየዋለው።

ብቻ ጋሼ እሱንም አልማሩትም። ሌሊቱን ቀስ አድርገው ቻርጅ አደረጉት፣ ጠዋት 12.3 አለ፣ ከዛ መኪናው ላይ አድርገው ሲያስነሱ ቮልቱ ወደ 8 ወረደ። ሲያስነሳ ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። ከዛ በአንድ እጄ መብረቁን በሌላኛው እጄ እዛ የነበረ ሌላ ተመሳሳይ 45 አምፒር ባትሪ አስያዙኝ። ኧረ ጉድ! መብረቁ ቀለል ይላል፣ በግልጽ ነው የሚታወቀው። የባትሪ ክብደት እርሳስ የሚባለው ብረት ነው፣ ውስጡ ያለው እርሳስ ከቀነሰ አቅሙም ቀነሰ፣ ስቲከር ላይ ደግሞ ማንም የፈለገውን ቁጥር መጻፍ ይችላል። ሱቅ ውስጥ ያለ ምንም መሣሪያ ማድረግ የምትችሉት ፈተና ይሄ ነው፣ ሁለት እኩል መጠን ያላቸውን አስወርዳችሁ ማንሳት። ሻጩ ከሳቀ ይሳቅ።

እንግዲህ ሁለተኛውን ለመግዛት ስወጣ ሌላ ሰው ሆኜ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ትንሿ ዲጂታል ቴስተር አለች፣ አሮጌው ባትሪ ላይ ያለውን ኮድ በፎቶ ይዣለው። ይሄን ኮድ ነገር ትንሽ ላብራራ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሸወደው።

የጃፓን መኪኖች ባትሪ ላይ ለምሳሌ 46ቢ24ኤል ይላል። የመጀመሪያው 46 የአቅም ደረጃ ነው (አምፒር አይደለም!)፣ ቢ የወርድና የከፍታው ዓይነት፣ 24 ርዝመቱ በሴንቲሜትር፣ የመጨረሻው ኤል ወይም አር ደግሞ ፖዘቲቩ በየትኛው ጎን እንዳለ። ሱቆቹ ይቺኑ ኤንኤስ60ኤል ብለው በድሮ ስሟ ነው የሚጠሯት፣ አንድ ናት። ቪትዝ ላይ ከዚህ ያጠረችውም 34ቢ19ኤል ትገኛለች፣ ስለዚ "የቪትዝ ባትሪ" ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፣ የራሳችሁን ማስቀመጫ እዩ። ኤል ለሚፈልግ መኪና አር ከገዛችሁ ሽቦው አይደርስም፣ "ትንሽ እንጎትተዋለን" የሚል ጎበዝ አይጠፋም፣ እሺ እንዳትሉት። ሌላው የጫፎቹ ውፍረት ነው፣ ቀጭንና ወፍራም አለ። ቀጭኑ የናንተ ሆኖ ወፍራም ከተሰጣችሁ ሞርሴቶውን (ጫፉን የሚጨብጠውን የሽቦ ማሰሪያ) በመዶሻ ነው የሚያስገቡት፣ ወፍራሙ የናንተ ሆኖ ቀጭን ከተሰጣችሁ ደግሞ ቆርቆሮ ጠቅልለው ያጠብቁታል፣ ከዛ በየጉድጓዱ ይላላል፣ እናንተም ባትሪ ሞተ ትላላችሁ።

የመጀመሪያው ሱቅ በጣም ስም ያለው የአውሮፓ ባትሪ አሳየኝ፣ ዋጋው ያስደነግጣል። ቀኑን ፈለግኩ፣ ከጎኑ ተቀርጿል፣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ነው የቀረው። ለካሁት፣ 12.1። "ይሄ እኮ የቆየ ነው" ስለው ሰውዬው በጣም ተገርሞ "እናቴ፣ ባትሪ እንጀራ ነው እንዴ የሚሻግተው?" አለኝ። ሳቄ መጣ፣ ግን አዎ፣ ይሻግታል! ባትሪ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም በወር ከ3 እስከ 5 ፐርሰንት ይወርዳል፣ ሙቀት ካለ ይብሳል። ሲወርድ ደግሞ እርሳሱ ላይ ነጭ ነገር ይጋገርበታል፣ ሰልፌት ይሉታል። ቶሎ ቻርጅ ከተደረገ ይለቃል፣ ለወራት ከተተወ ግን እንደ ድስት አራራ ይደርቅና አይለቅም፣ የያዘውን ቦታ ለዘላለም ይዞት ይቀራል። ስለዚ ከነስሙ ውድ የሆነ የሁለት ዓመት ባትሪ ከመካከለኛ የአራት ወር ባትሪ ያንሳል። ስሙን ተዉት ቀኑን እዩ። ለነገሩ ስሙም ያሳስታል፣ ቫርታ የሚል ሁሉ ጀርመን የተሠራ አይደለም፣ ኮሪያ የተሠራም አለ፣ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፣ "የጀርመን" እየተባላችሁ የጀርመን ዋጋ እንዳትከፍሉ ነው።

ሁለተኛው ሱቅ መለካት ክልክል ነው አለኝ። ደህና ዋል።

ሶስተኛው በጣም ርካሽ ነበር፣ የታደሰ ነው። አንዳንዱ በግልጽ የታደሰ ነው ብሎ ይሸጣል፣ አንዳንዱ አዲስ ስቲከር ለጥፎ አዲስ ነው ይላል። ምልክቱ ጫፎቹ ላይ ነው፣ አዲስ ባትሪ ጫፉ ላይ የሞርሴቶ ጭረት የለውም፣ የታደሰው በአሸዋ ወረቀት ተፍቆ ያበራል ግን መስመሮቹ ይታያሉ፣ ክዳኑ ዙሪያም ሙጫ ወይ የቀለጠ ላስቲክ አለ። ወንድሜ ባለፈው ዓመት ከነዚህ አንዱን ገዝቶ ሁለት ወር ከምናምን ነው የሠራለት፣ ያውም ቀኑን ሙሉ የሚነዳ መኪና ላይ፣ ቆሞ የሚያድር የኔ ዓይነት መኪና ላይ ቢሆን ከዛም ያንስ ነበር። ሌላ ብር በእጁ ለሌለው ሰው "አትግዛ" ማለት ይከብዳል፣ ለሁለት ወር ጊዜ መግዣ ነው ብሎ አውቆ ከገዛው ይግዛው፣ በአዲስ ዋጋ ግን የለም።

አራተኛው ሱቅ ትንሽ ነው፣ ባትሪ ብቻ ነው የሚሸጡት፣ ይሄ ጥሩ ምልክት ነው ብዬ አምናለው ምክንያቱም ባትሪው ቶሎ ቶሎ ይወጣል አዲስ ይገባል። የሕንዱም አማሮን ነበራቸው፣ የኮሪያው ሮኬትም ነበራቸው፣ ሌላው የኮሪያ ባትሪ ሶላይት አልቆባቸው ነበር። ሮኬቱ ከተሠራ አራት ወር ነው፣ ለካሁት 12.62። አማሮኑ ስምንት ወር፣ 12.5። አማሮኑ ትንሽ ርካሽ ነበር፣ እሱም መጥፎ አልነበረም፣ ሮኬቱ ቢያልቅ እሱን ነበር የምወስደው። ባለ ደረሰኝ ገዛሁ፣ 15 ፐርሰንቷን እየመረረኝ ከፈልኩ፣ ጋራንቲው አንድ ዓመት፣ ደረሰኙ ጀርባ ላይ የባትሪው ቁጥር ተጽፎ በማኅተም። አሮጌውን መብረቅ በእርሳሱ ዋጋ ተቀብለው ቀነሱልኝ። ሰፈር የሚዞረው ቆራሌውም ይገዛችኋል ግን ሱቁ ጋ የተሻለ ነው የሚቀነሰው፣ እና እባካችሁ አሲዱን ቱቦ ውስጥ እንዳትደፉ፣ እርሳስ ያለበት ነገር ነው፣ ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ነው።

ሲሲኤ ስለሚሉት ነገር ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ባትሪው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ለ30 ሰከንድ የሚሰጠው ጉልበት ነው። አዲስ አበባ ቢበርድ ቢበርድ እዛ አይደርስም፣ ስለዚ ትልቅ ሲሲኤ ያለው ፍለጋ ተጨማሪ ብር አልከፍልም፣ ሁለት ባትሪ በሁሉም ነገር እኩል ከሆኑ ብቻ ነው የማየው። እዚህ ባትሪ የሚገድለው ብርዱ አይደለም፣ ብርዱ የሚያጋልጠው ነው። ሙቀት ነው የሚበላው፣ ድሬዳዋና አፋር ያላችሁ የኛን ያህል ባትሪ አይቆይላችሁም፣ አትፍረዱበት።

"ደረቅ ባትሪ" የሚባለውም ደረቅ አይደለም፣ ውስጡ አሲድ አለ፣ የተዘጋ ነው እንጂ። የውሃ የሚጨመርበት ርካሽ ነው፣ በየጊዜው ከፍቶ የባትሪ ውሃ (የቧንቧ ውሃ አይደለም!) የሚጨምር ሰው ካለ መጥፎ ምርጫ አይደለም፣ እኔ ግን ራሴን አውቀዋለው፣ አልከፍተውም፣ ስለዚ የተዘጋውን።

አሁን ወደ ግምገማው፣ ዓመት ካንድ ወር ሆነው። ሰኞ ጠዋት ዛሬ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳን አልቀረብኝም። የስክሪኗ ሽቦ ከቁልፍ ጋር ከተያያዘ በኋላ ነው እሱም፣ ሽቦውን ሳላስተካክል ሮኬቱን ብገጥም ኖሮ አሁን ይሄን የምጽፈው በሮኬት ላይ እየተራገምኩ ነበር የሚሆነው። ለጥምቀት ጎንደር ቤተሰብ ጋ ሄደን አስራ ሁለት ቀን ቆማ ስንመለስ በመጀመሪያው ነው የተነሳችው፣ ስለካት 12.4 ነበረች። ባለፈው ወር አድራ 12.55 አሳየች፣ ስታስነሳ 10.3 ድረስ ነው የምትወርደው። ጋሼ "ሶስት አራት ዓመት ትሄድልሻለች" ብለዋል፣ እንግዲህ ሳይ አምናለው።

የማልወድላት ነገርም አለ። መሸከሚያ ገመዷ በጣም ቀጭን ስለሆነ እጅ ይቆርጣል፣ ክብደቷ ደግሞ እንደነገርኳችሁ ነው። ላይዋ ላይ ያለችው አረንጓዴ የምታሳየዋን ዓይን አትመኗት፣ ስድስት ክፍል ካለው ባትሪ የአንዱን ክፍል ብቻ ነው የምታሳየው፣ ስድስተኛው ሞቶ እሷ አረንጓዴ ልትሆን ትችላለች። ይሄ የሮኬት ብቻ ችግር አይደለም፣ ዓይን ያላቸው ሁሉ እንደዛው ናቸው። ስቲከሯም በሞተሩ ሙቀት እየተላጠ ነው፣ ቀኑን ፎቶ ባላነሳው ኖሮ አሁን አይነበብም ነበር።

ሲገጠም ደግሞ ቆማችሁ እዩ። ሲፈታ ኔጌቲቩ መጀመሪያ፣ ሲታሰር ፖዘቲቩ መጀመሪያ ነው። የድሮው ባትሪዬ ማሰሪያ ብረቱ ጠፍቶ በከመነዳሪ ጎማ ነበር የታሰረው፣ ኮፋኖውን ከፍቼ አይቼው አላውቅም ነበር። ባትሪ ሲንቀጠቀጥ ውስጡ ያለው ሳህን ይሰባበራል፣ የኛ ሰፈር ኮብልስቶን ደግሞ... ጋሼ ከአሮጌ መኪና የወጣ ማሰሪያ ፈልገው ነው የገጠሙልኝ። ሞርሴቶው ላይ የነበረውን ነጭና አረንጓዴ ዱቄት በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ አጠቡት (ኮካ የሚያፈሱም አሉ፣ ይሠራል ይባላል፣ ጉንዳን ግን ይጠራል)። እውነቱን ለመናገር "ባትሪዬ ሞተ" ከሚለው ሰው ስንቱ ይቺ ዱቄት ብቻ ናት ችግሩ፣ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት እሷን አጥቡና ሞክሩ።

መሥሪያ ቤት የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ልጅ አለ፣ ነዳጅ መኪና ማስገባት ከቆመ ወዲህ ሁሉም ወደዛ ነው። ህዳር ላይ የኔን ባትሪ ወሬ ሲሰማ "እኔ ከዚህ ጣጣ ወጥቻለው" ብሎ በጣም ይስቅብኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ፓርኪንግ ላይ መኪናው በሩን አልከፍትም አለው። ለካ እነሱም ከትልቁ ባትሪ ሌላ ትንሽዬ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው፣ በሩንም ኮምፒውተሩንም የምታነቃው እሷ ናት፣ እሷ ከሞተች ትልቁ ሙሉ ቢሆንም መኪናው ሬሳ ነው። የሱንም በኔ ቴስተር ነው የለካነው፣ 11.2።

ተመሳሳይ መኪና ላላችሁ፣ ሮኬቱን ከስድስት ወር በታች የሆነ ካገኛችሁ ግዙት፣ ቀኑ ካለፈ አማሮኑን ወይ ሶላይቱን እዩ፣ ሁለቱም አዲስ ካልሆኑ ሌላ ሱቅ። ከዛ በፊት ግን ስክሪን፣ አላርም፣ ጂፒኤስ ያስገጠማችሁ ካላችሁ መጀመሪያ ተኝታ የምትበላውን አስለኩ፣ ጋሼ የባትሪ ዋጋ ሩብ እንኳን አላስከፈሉኝም።

የዚህን ሳምንት ቮልት ልጽፍላችሁ ነበር፣ ግን ቴስተሬን ወንድሜ "ለአንድ ቀን" ብሎ ወስዶ ይኸው ስድስተኛ ቀኑ።